የተመሰከረላት

«ነግረሽዋል?»

«ምን ብዬ?»

«እንዲያው… እሳት ዳር ብቻዋን አትሁን በይው። ወንዝ ስትወርድም ሰው ይከተላት።»

«ጌታን የሚያውቅ ልጅ ነው። ሲያየው ይገባዋል።»

ከዚያ አንዷ ሳቀች፤ ወይም አለቀሰች። አንጁሎ ይህን እስከ ዛሬ አልለየውም። ነገሩ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ሳውላ፣ የእጮኛው የአስካል እናት ቤት፣ ሠርጋቸው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ እሱ ከእንቅልፍና ከንቃት መካከል ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር ከወሬው ግማሹን ውሃ ወስዶታል። ጠዋት ሲነሳ ሕልም ነው አለ። ሕልም ነው ማለቱ ይቀለው ነበር።

ዛሬም ያ ድምፅ የመጣበት እንቅልፍ መሳይ ነገር ውስጥ ሆኖ ነው። ከቱርሚ በተነሳ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ፣ መንገዱ እንደ ሕፃን እያወዛወዘው፣ ግራና ቀኙ ቀይ አፈርና ግራር ብቻ ሆኖበት ሳለ ሴቶቹ እንደገና አወሩ።

«አንጁሎ! አንተ ሰውዬ!» ሹፌሩ ፈለቀ በክርኑ ነካ አደረገው። «ዲመካን ተኝተህ አለፍካት፣ ቀይ አፈርን ተኝተህ አለፍካት። ጂንካንም ልታልፋት ነው?»

«አልተኛሁም እኮ።»

«እሺ፣ አልተኛህም። ታዲያ ከማን ጋር ነበር ስታወራ የመጣኸው?»

አንጁሎ ፈገግ አለ። አናጺ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቱርሚ ለሚሠራ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ አሥራ አንድ አልጋ ሲሠራ ቆይቶ መመለሱ ነው። ጂንካ ሲገቡ ቅዳሜ ነበርና ገበያው ደምቋል። ቢሆንም ደመናው ከተራራው ወርዶ የአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ተኝቷል፤ የሚግጡት ላሞች እግር የላቸውም፣ ጀርባቸው ብቻ ነጩ ነገር ላይ ይንሳፈፋል። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

ቤቱ ሲደርስ አስካል በር ላይ ጠበቀችው። ከሐሩሩ መጥቶ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ እሷ ግን እጅጌው እስከ ጣቷ የሚደርስ ወፍራም ሹራብ ለብሳለች። የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረበችለት። ሳህኑን ያስቀመጠችው በግራ እጇ ነው።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም። ጎደሬ ስልጥ ቢላዋ ጨረፈኝ።»

«ለቢላዋ ሹራብ ይለበሳል?»

«በረደኛ! አንተ ከቱርሚ ምጣድ ወርደህ የጂንካ ብርድ እንዴት ይግባህ?»

ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ዓይኑ ግን ከሹራቡ አልተነሣም።

የእነዚህን ሰዎች ቤት የሚያውቅ አንድ ነገር ያውቃል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሹል ማዕዘን የለም። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት አስካል በድንገት ወድቃ ግንባሯን ጠረጴዛ ቀደዳት። አንጁሎ በማግሥቱ ጠረጴዛውን ደጅ አውጥቶ አራቱንም ማዕዘን ላገው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ቀጥሎ አግዳሚውን፣ ቀጥሎ ቁም ሳጥኑን። የአልጋቸውን እግሮች ደግሞ በመጋዝ አንድ ስንዝር ቆረጣቸው፤ ብትወድቅም ከሩቅ እንዳትወድቅ። ጎረቤት አይቶ «ለኔም እንደዚያ ክብ አድርግልኝ» አለው፤ ከጎረቤት ወደ ሠፈር፣ ከሠፈር ወደ ከተማ ተዛመተ። ዛሬ በጂንካ ማዕዘኑ የዞረ ጠረጴዛ ያለው ቤት ቁጥር የለውም፤ ፋሽን ነው ይሉታል። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም።

አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ በመላጊያውና ሐኪም ለሚጥላት በሽታ ባዘዘላት ነጭ ኪኒን ኖሩ። ኪኒኗን አስካል በየቀኑ ስትውጥ አንጁሎ «ፈቃድህ ይሁን» ይላል፣ እሷ «አሜን» ትላለች። ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት ሰባት ወር ሳትወድቅ ቀረች። በቤተ ክርስቲያን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ሁልጊዜ ከኋላ አግዳሚ ተቀምጦ የሰውን ምስክርነት በማዳመጥ የሚታወቀው አንጁሎ ምን እንደነካው ሳያውቅ ተነሣና መድረክ ላይ ወጣ።

«ጌታ ባለቤቴን ፈውሷታል! ከእንግዲህ ቤታችን ኪኒን አይገባም!»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ከሴቶቹ ወገን አስካል አብራ ታጨበጭብ ነበር፤ ራሷን ግን አቀርቅራ። አንጁሎ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቃል አልጠየቃትም። ቤት ሲገቡ «ኪኒኑስ?» አላት። «ጣልኩት» አለችው። በቃ፣ ይኸው ነበር።

አሁን ከጎደሬው ተነሥቶ «ሳሙና ልግዛ» ብሎ ወጣ። ሱቁ ከአጥራቸው ጎን ነው፤ ባለቤቱ ራህመት ከወራቤ መጥታ ጂንካ ከከተመች ብዙ ዓመቷ ነው፤ አስካልን እንደ እህቷ ታያለች።

«አንድ ሳሙና ስጪኝ ራህመት።»

ራህመት ሳሙናውን አላነሳችም። ሁለት እጇን ባንኮው ላይ ዘርግታ አየችው።

«ሂድና ሚስትህን እጅሽን አሳዪኝ በላት። እኔ አልነገርኩህም።»

«አሁን ነገርሽኝ እኮ።»

«እንግዲያውስ ልጨርሰው። አንተ ከሄድክ ሁለቴ ወድቃለች። አንዴ ጓዳ፣ አንዴ ምድጃው ላይ። ሹራብ ሲቃጠል ሸቶኝ ነው በአጥር የዘለልኩት፤ በዚህ ውፍረቴ! ለአንጁሎ እንዳትነግሪው ብላ በአላህ ስም አስማለችኝ። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ፤ የሱን ነገር እኔና ጌታዬ እንተያያለን።» ከስኳር ጆንያው ኋላ ጎንበስ ብላ የተቋጠረ ፌስታል አወጣች። «ይሄን ደግሞ በፋሲካ ሰሞን ጣይልኝ ብላ ሰጥታኝ ነበር። ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ መጣል አይሆንልኝም።»

አንጁሎ ፌስታሉን ተቀበለ። ውስጡ ያለውን መፍታት አላስፈለገውም።

ከሱቁ እስከ ቤቱ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ያን ቀን ግን በውሃ ውስጥ የሚሄድ ያህል ረዘመበት። የገበያው ጫጫታ ከአንድ ሌላ አገር ይሰማል። ጉሙ ከጓሮው ሙዝ ላይ እየተነሣ፣ ቅጠሉ እንደሚያስብ ሰው በቀስታ ይነቃነቃል። ፈቃድህ ይሁን ብሎ ለመጸለይ አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። ይህን ሁሉ ጊዜ ለጌታ ሲነግረው የኖረው የራሱን ፈቃድ እንደነበር ያኔ ነው የታየው።

አስካል ፌስታሉን በእጁ ስታይ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ራህመት አፏ አያርፍም» አለች ቀስ ብላ።

«እጅጌሽን ሰብስቢው።»

ሰበሰበችው። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ቆዳው ተላልጦ ገና እየሻረ ነው። አንጁሎ ሊነካው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበ።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«አንተ ቆመህ ተፈወሰች ብለሃል። ታዲያ እኔ ብወድቅ ማን ነው የሚወድቀው? አንተ ነህ። ከአንተ በላይ ደግሞ የጌታ ስም አለ። ስለዚህ ተደብቄ ወደቅሁ።»

«ተደብቆ ይወደቃል እንዴ አስካል?»

«ምልክቱ ይመጣል እኮ። ጣቴ ይደነዝዛል፣ አፌ ውስጥ ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል። ያኔ ሮጬ ጓዳ እገባና በሩን እዘጋለሁ። በሁለተኛው ግን ምድጃው ቀደመኝ።»

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ አንጁሎ ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ተናገረ። የሳውላን ዝናብ፣ ግድግዳውን፣ ሁለቱን ሴቶች ነገራት።

«ከሠርጉ በፊት ሰምተህ ነበር?» ዓይኗ ፈጠጠ። «ታዲያ ለምን አልቀረህም?»

«ሕልም ነው ብዬ።»

«እኔ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አታለልነው እያልኩ ሳዝንልህ!»

«የምፈራውን ነገር ሁሉ ሕልም ነው እላለሁ። እድሜዬ ሲገፋ ደግሞ ስሙን ቀየርኩና እምነት አልኩት። ኪኒንሽን ያስጣለሽ እሱ ነው፤ ጌታ አይደለም።»

አስካል ዓይኗን ወደ ደጁ ጉም መለሰች።

«ከወደቅሁ በኋላ ስነቃ መጀመሪያ ምንም የለም። ስሜን አላውቀውም፣ ቤቱን አላውቀውም። ብርሃን ብቻ ነው፤ ልክ እንደዚህ፣ ጠርዝ የሌለው። እዚያ ውስጥ ጌታ አለ አንጁሎ። አንድ ቀን እንኳ ለምን ወደቅሽ ብሎኝ አያውቅም። እኔ የምፈራው እሱን አይደለም። አዳራሹን ነው።»

አንጁሎ ሊመልስላት ሲል ውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወንጌላዊ ሚልክያስ ናቸው፤ ሁለቱንም ያጋቧቸው፣ ደግ፣ ሽበታም ሰው። አስካል እጅጌዋን አወረደች።

«ወንድም አንጁሎ፣ እንኳን በሰላም ገባህ! የነገውን ኮንፈረንስ ልነግርህ ነው የመጣሁት። ከየወረዳው እንግዳ ይመጣል። ምስክርነትህን ፕሮግራም አስገብተነዋል፤ ከመዝሙር ቀጥሎ ስድስት ደቂቃ።»

«ወንጌላዊ፣ ይቀመጡ እስቲ።»

«አልቀመጥም፣ ብዙ ቤት ይቀረኛል። አንድ ደስ የሚል ነገር ብቻ ልንገርህ። በስልክ የተቀዳው ምስክርነትህ ዲመካ ደርሷል። ኤልሳ የምትባል እህት አለች፤ ሴት ልጇ ልክ እንደ አስካል ናት። አንተን ሰምታ በእምነት ተነሣችና ሐሙስ የልጅቷን ኪኒን አቆመች። ነገ ይዛት ትመጣለች።»

አንጁሎ ተነሣ። ፊቱ የዛፍ ቅርፊት መሰለ።

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ። ምነው?»

ከእሱ በፊት አስካል መለሰች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ወንጌላዊው አዩት፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አልቀመጥም ያሉት ሰውዬ ተቀመጡ።

«እኔ ማንንም መድኃኒት ጣሉ ብዬ አስተምሬ አላውቅም» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። «ሲጥሉ ግን ደስ ብሎኛል። እሱን አልክድም።»

«ነገ እቆማለሁ» አለ አንጁሎ። «ስድስት ደቂቃ አያስፈልገኝም። ተፈወሰች ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አላለኝም፤ ይቅር በሉኝ እላለሁ። ሰኞ ደግሞ ሐኪም ቤት ነን።»

«በእንግዶቹ ፊት?»

«የሰሙኝ እነሱ አይደሉ?»

ወንጌላዊው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺም እምቢም አልነበረም። «ነገ ሩቅ ነው» አሉና ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቁጥር ፈለጉ። ሲጠራ ለአንጁሎ ሰጡት። «ያመነችው አንተን ነው። አንተ ንገራት።»

አንጁሎ ስልኩን ያዘ። ይጠራል። ምን ይላታል? ዛሬም እንደ መድረኩ ቀን እመኚኝ ሊላት? ቀና ብሎ ሚስቱን አየ።

«አስካል፣ አንቺ ብትነግሪያትስ?»

«እኔ?» ወደ ኋላዋ ሸሸች። በሴቶች ኅብረት እንኳ ጥቅስ አንብቢ ሲሏት የምትንቀጠቀጥ ሰው ናት። «ከማላውቃት ሴት ጋር ምን ብዬ ነው የማወራው? ደግሞም ሳልደበቅ…»

አልጨረሰችውም። ስልኩ ይጠራል። ወንጌላዊው መሬት መሬቱን ያያሉ። አንጁሎ አልለመናትም፤ ስልኩን እንደዘረጋ ብቻ ቆየ። አስካል ያን የተቃጠለ እጇን ሰደደችና ተቀበለችው።

«ሄሎ? ኤልሳ ነሽ? ደህና ዋልሽ እህቴ። አስካል እባላለሁ፤ ከጂንካ ነው። ያቺ ተፈወሰች የተባለችው እኔ ነኝ።» ሰማች። «የለም፣ እህቴ… የለም፣ አልተፈወስኩም። ጌታ አልተወኝም፤ በሽታውም አልተወኝም። ባለፈው ሳምንት እሳት ላይ ወድቄያለሁ… አይዞሽ፣ አታልቅሺ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ልጅቷ አጠገብሽ ናት? ኪኒኑስ አለ? … ተመስገን። በይ አምጪውና አሁኑኑ ስጪያት። ስልኩን አልዘጋውም።»

በግራ እጇ የፌስታሉን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች።

«እኔም እዚሁ የኔን ይዣለሁ። አብሬያት እውጣለሁ።»