የኤርሜቴ ጭብጨባ

ኤርሜቴ ቦንዳቫሊ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። ለአርባ ዓመት የከተማችን የኦፔራ ወቅት በተከፈተ ቁጥር ከላይኛው ሰገነት፣ ከእኔ አጠገብ ይቀመጣል። የዘፋኝ ድምፅ ሲሰበር ለማዋረድ ቀድሞ የሚያፏጨው እሱ ነው፤ እሱ ካፏጨ ሰገነቱ በሙሉ ያፏጫል። አንዱ ዘፋኝ ኮቱን እንኳ ሳይወስድ በባቡር ወደ ቦሎኛ ሸሽቷል።

አንድ ዓመት በሐምሌ ቀኝ ጆሮው ደነቆረ፤ በመስከረም ግራው ተከተለ። ከሐኪሙና ከሚስቱ ከአፍራ በቀር ያወቀ አልነበረም። እኔም የሰማሁት ኋላ ከአፍራ ነው። በመክፈቻው ቀን ልብሱን ሲለብስ፣ የመስሚያ መሣሪያውን ይዛ ተከተለችው።

«አድርገው እንጂ!»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ምን ቢልህ መቼ ትሰማና!»

ሳያደርገው መጣ።

የዚያን ቀን የሚዘፍነው ሳቪኖ የሚባል የባሪ ከተማ ልጅ ነበር። የኦፔራው ሦስተኛ ክፍል ላይ፣ ሁላችንም የምንጠብቃት ከፍተኛ ድምፅ ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ከዳው። ሁለት መቶ ሰው ወደ ኤርሜቴ ዞረ።

ኤርሜቴ ያየው የልጁ አፍ መዘጋቱን ነው። ዘፈኑ ያለቀ መሰለው፤ ሰው ደግሞ እሱን ይጠብቃል። ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ብራቮ!» ሲል የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ አዳራሹን አናጋው።

«ምን ሰምቶ ነው?» አለኝ ከኋላዬ የተቀመጠው ፋርማሲስት።

«እኛ ያልሰማነውን ነዋ» አልኩት።

አጨበጨብን። ሰገነቱ «ይደገም!» እያለ ጮኸ። ልጁ አመዱ ቡን እንዳለ ደገመው። በሁለተኛው ያቺ ድምፅ ንጹሕ ሆና ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሳቪኖ አበባ ይዞ ቤታቸው መጣ።

«አባባ፣ እርስዎ ባይነሱልኝ አልቆልኝ ነበር» አለ።

አፍራ የልጁን ቃል ኤርሜቴ ጆሮ ሥር ጮኻ ነገረችው።

«አልሰማሁህም፣ ልጄ። ደንቁሬያለሁ» አለ ኤርሜቴ።

ልጁ ትንሽ አሰበና፣ «ሁለተኛውንስ?» አለ።

«እሱንም።»

«ያሳዝናል። ሁለተኛው ጥሩ ነበር።»

ልጁ ከሄደ በኋላ ኤርሜቴ ምሳ አልበላም። አርባ ዓመት ሙሉ ዘፋኝ ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም፤ አሁን ካፏጨባቸው ስንቱን እንደሚጠይቅ ግራ ገባው።

በሚቀጥለው ትርኢት መጋረጃው ሳይከፈት ሰገነቱ ላይ ቆመ።

«ወገኖቼ፣ ጆሮዬ አይሰማም። ከዛሬ ጀምሮ ወደ እኔ አትዩ።»

«ትሕትናው!» አለ ፋርማሲስቱ።

«እውነቴን ነው፣ አንተ ቂል!»

ይኼኔ አመኑት። ሳቪኖ ዘፍኖ ሲጨርስ ሁለት መቶ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ብቻዋን አጨበጨበች። ኤርሜቴ እጆቿን አይቶ ፈገግ አለ፤ እጁን ግን ከጭኑ ላይ አላነሳም።