የጳጳሱ ሃምሳ ቀባሪዎች

ሰርክአዲስ ጡረታ የወጡትን ጳጳስ ዘጠኝ ዓመት ስታበላቸው፣ ስታጥብላቸው፣ ስትቆጣቸውም ኖራ፣ ሲቀበሩ ስሟ ከቀባሪዎች ዝርዝር ጠፋ። በዚያ የኮሮና ሰሞን ጆሃንስበርግ ውስጥ ቀብር ላይ ከሃምሳ ሰው በላይ አይገባም።

«ዝርዝሩ ውስጥ የለሽም፣ ማማ» አላት የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ፣ በሩን ዘግቶ።

«ልጆቻቸው ለንደን ናቸው። አውሮፕላን ቆሟል። ሦስት ቦታ ባዶ ነው እኮ።»

«ስማቸው ተጽፏል። ፖሊስ ፈርሞበታል።»

«ውይ ጉድ! የሌለው ይገባል፣ ያለው ደጅ ይቆማል!» አለች አብራት የመጣችው ፈዲላ፣ ዮቪል ሰፈር ከጳጳሱ ቤት ሥር ያለው ሱቅ ባለቤት ልጅ። የእሷን አፍ ማስክም አይችለው። «እትዬ፣ እኔ እስላሟ ልጩህልሽ?»

«አንቺ፣ ዝም በይ።»

ሰርክአዲስ አልተናደደችም። ጳጳሱን አምቡላንስ ከወሰዳቸው ጀምሮ፣ ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆናለች። ሆስፒታል ጠያቂ አይገባም ነበርና ሳትሰናበታቸው ሞቱ። አሁን የምትፈልገው ያቺኑ ስንብት ብቻ ነው።

ሥራ የገባች ቀን እንኳ ከሟች ሚስታቸው ጋር የተነሡትን የሠርግ ፎቶ አይታ ወጥታ ልትሄድ ነበር። ጳጳስ ሚስት አግብቶ? በእሷ አገር ጳጳስ መነኩሴ ነዋ! የአንግሊካኑ ጳጳስ ግን ሳቁባት። «እግዜር ያውቃል፤ ሠርጌ ላይ ነበር» አሏት። ቀረች።

ጸሐፊው አንገቱን አከከና ሳኒታይዘር አቀበላት። «ሠራተኛ አይቆጠርም። እጅ የሚረጭልኝ ሰው ቀርቷል። ከበሩ ግን ንቅንቅ የለም!»

ገባች። የሃምሳ ሰው፣ ይቅርታ፣ የአርባ ሰባት ሰው እጅ ረጨች።

ቄሱ የጳጳሱን ታሪክ አነበቡ። ሶዌቶ ከባቡር ሠራተኛ ተወለዱ፤ አስተማሩ፤ ቀሰሱ፤ ያለ ፍርድ አምስት ወር ታሰሩ፤ አሥራ አራት ዓመት በጵጵስና አገለገሉ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። የመጨረሻው ዘጠኝ ዓመት ሲደርስ «ከዚያም በጡረታ በሰላም ኖሩ» ተባለና አለቀ። ያ ሰላም ሾርባ ነበር፣ መድኃኒት ነበር፣ ሽንት ቤት ድረስ የሚደገፉት ትከሻዋ ነበር። እንባዋን ጠበቀችው። አልመጣም። እግሯ ብቻ ደነዘዘ።

በመጨረሻ ሳጥኑ በጋሪ ተገፍቶ መጣ። ስድስቱ ተሸካሚዎች እጃቸው ሳይረጭ ማንሳት ክልክል ነበርና በሩ ላይ፣ ልክ አጠገቧ አቆሙት።

ያን ጊዜ ሰው የሚሳለመው በክርን ነው። ክርኗን ዘርግታ ሳጥኑን ነካ አደረገችው።

«ደህና ይሁኑ፣ ቢሾፕ» አለች በአማርኛ።

እንጨቱ ይቅዘቅዝ፣ ይሙቅ፣ አላወቀችም።

«ማማ፣ እኔን» አለ አንዱ ተሸካሚ፣ መዳፉን ዘርግቶ።

ረጨችለት።