ደግሞ መጠየቅ

ከትምህርት ቢሮ የመጣው ተቆጣጣሪ እኩል ውሃ ከያዙት ሁለት ብርጭቆዎች የአንዱን ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ገለበጠና ከረባቱን አስተካከለ።

"አሁንስ ሚጣዬ? ውሃው እኩል ነው ወይስ አንዱ ይበልጣል?"

"እኩል ነው" አለች የፊት ጥርሷ የወለቀው ልጅ።

"እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው። እኩል ነው?"

ልጅቷ ውሃውን ትታ ፊቱን አየች። ቅንድቡ ተሰቅሏል። "ይሄኛው... ይበልጣል" ብላ ረጅሙን ጠቆመች።

"ይኸውልዎ መምህርት!" አለ፤ ሰውዬው ውድ ነገር ወድቆ ያገኘ ይመስል ነበር። "ቁመትና ብዛት አልለየችም። የአንደኛ ክፍል የአስተሳሰብ ደረጃ ላይ አልደረሰችም። ወደ መዋዕለ ሕፃናት ትመለስ።"

ወዲያው ቅጹን ሞላ። ልጅቷ ነገ ከታናሽ እህቷ ጎን ልትቀመጥ ነው።

መምህርቷ ደሟ ፈላ። ሃያ ስምንት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። የልጅን አስተሳሰብ በውሃና በብርጭቆ የሚለካውን ንድፈ ሐሳብ ያመጡት ሰዎች እኮ ልጆች ሲጫወቱ ቁጭ ብለው ለዓመታት ያዩ ናቸው። ይሄ ደግሞ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሰርተፊኬቱን አስለብዶ መጣ። ወይ አለማፈር! ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ "ያንቺ ውሃ ይበልጣል" ብላ ስታለቅስ፣ "የኔ ኩባያ ጠባብ ስለሆነ ነው፣ ሞኝ" ብላ ያስረዳቻት ይህችው ልጅ ናት።

"ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ይጠይቁ።"

"ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

"አሥራ ስምንት።"

ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ቅንድቧን ሰቀለች። "እስቲ ደህና አድርገው ያስቡ። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

ተቆጣጣሪው ዐይኑን አርገበገበ። "አሥራ... ዘጠኝ ሆነ እንዴ?"

ከኋላው ሰሌዳው ላይ፣ በትልቁ፣ 18 ተብሎ ተጽፏል። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

"መጀመሪያ ትክክል ነበሩ" አለች መምህርቷ። "ትልቅ ሰው ያንኑ ደግሞ ከጠየቀው፣ ልጅ የተሳሳተ ይመስለዋል። ለካ ልጅ ብቻ አይደለም።"

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "እኔን ከሕፃን ጋር ያወዳድራሉ? ይልቅ እዚህ ላይ ይፈርሙ። የእርስዎ የሥራ አፈጻጸም ምዘናም ገና እጄ ላይ ነው፤ አይርሱ።"

አልረሳችም። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ባሏ ቢሆን፣ "ተይ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም" ይላት ነበር። ቅጹን ተቀብላ የፊርማውን መስመር ፈለገች።

ልጅቷ ቀሚሷን ጎተተቻት። "ቲቸር፣ ተሳሳትኩ?"

"አንቺ አይደለሽም የኔ እናት። ሂጂ፣ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ።"

ሰማያዊውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ የቤት ሥራ የምታርምበትን ቀዩን አነሳች። ቅጹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ኤክስ አደረገችበት። ከሥሩ፣ በፊርማዋ ቦታ፣ ለሰነፍ ተማሪ ደብተር ላይ እንደምትጽፈው "ደግመህ ሥራ" ብላ ጽፋ መለሰችለት።