አልጋዬ ስር የነበሩት ሦስት ጎማዎች

የአልጋዬ አንድ እግር የተሰበረው ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ከእህቴ ጋር ስንዘል። ማናችን እንደሰበርነው አልናገርም። አባዬ "ነገ እሠራዋለሁ" አለ፣ ያ ነገ ሳይመጣ ይኸው ትምህርት ጨረስኩ። በመሃል ግን ሦስት አዳዲስ የባጃጅ ጎማ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ከስር ሲያስገባቸው አልጋው ልክክ አለ። ከዚያ ወዲህ ጎማ ጎማ እየሸተተኝ ነው የምተኛው። ጓደኞቼ መጥተው "ምንድነው የሚሸተው?" ሲሉኝ "ሽቶ ነው፣ ከውጭ የመጣ" እላቸዋለሁ።

የጎማዎቹ ስም ሙሽሮቹ ነው። ስማቸውን ያወጣችው እማዬ ናት፤ ለምን እንዳወጣች እነግራችኋለሁ፣ ቆይ።

ጎማ ከገበያ የጠፋው ድንገት ነው። አንድ ሰሞን መለዋወጫ ሱቆቹ ደጃፍ ላይ እንደ ጉድ ተሰቅሎ ነበር፤ በሚቀጥለው ሰሞን የቀረው የተሰቀለበት ሚስማር ብቻ ነው። ባለሱቁ ሚስማሩን እያሳየ "እሱን ልሽጥልህ?" እያለ ይቀልድ ነበር። አባዬ ሦስቱን ለማግኘት ስምንት ወር ፈጅቶበታል። አንዱን ባሏ ሹፌር የነበረ አንዲት ሴት ቤት አገኘው፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ አቧራ ለብሶ። ሁለተኛው ፀጉር አስተካካይ ቤት ነበር፤ ትንንሽ ልጆች ሲስተካከሉ ከፍ እንዲሉ ወንበር ላይ የሚያስቀምጡት ነገር፣ ከነፕላስቲኩ! ሦስተኛውን በስልኩ ለወጠው። ደህናውን ስልክ ሰጥቶ ዛሬ የሚይዘው ሰባት ቁጥር የማይሠራ ስልክ ነው። ስልክ ቁጥሩ ላይ ሰባት ያለበት ሰው አባዬ አይደውልለትም፣ በቃ።

ጎማውን ቸርኬ ላይ የገጠምነው እኔና እሱ ነን። የሰፈራችን ጎሚስታ ሥራ ሲያጣ ዘግቶ ሄዷላ! ቸርኬዎቹን አባዬ ከተቃጠለ ባጃጅ ላይ ፈትቶ አመጣ። የባጃጅ ቸርኬ ሁለት የብረት ሳህን ፊት ለፊት ተጋጥመው በሉት፤ ጎማውን መሃል ነክሰው በብሎንና በዳዶ ይያያዛሉ። አባዬ የዳዶ መፍቻ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት አገጬን ይዞ "ክሪኬ፣ ስሚኝ" አለኝ። ክሪክ የሚለኝ እንደ መኪና ማንሻው ክሪክ ትንሽ ሆኜ ባጃጅ ስለማነሳ ነው። "አየሩን ሳታስወጪ እነዚህን ዳዶዎች ከፈታሽ ግማሹ ቸርኬ ፊትሽ ላይ ነው። ማን ያገባሻል ከዚያ?"

"ጎሚስታ" አልኩት። በሳቅ ሞተ።

አሁን "ታዲያ አዲስ ጎማ ካላችሁ ለምን አልጋ ስር ይተኛል?" ትላላችሁ። ትክክል ናችሁ። ግን ባጃጅ በየስድስት ወሩ ምርመራ ይገባል። ጎማው ካለቀ ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ መስመር የለም፤ መስመር ከሌለ እኛ ቤት ምሳ የለም። መንገዳችን ደግሞ ድንጋይ ነው፣ ጎማ ይበላል። አዲሶቹን ብንነዳባቸው እስከ ምርመራው ያልቃሉ፣ ሌላ ደግሞ አይገኝም። ስለዚህ አባዬ ተበልተው እንደ እንቁላል በላጉት አሮጌዎች እየነዳ አዲሶቹን ለምርመራ ቀን አስቀመጣቸው። ዝናብ ሲጥል ሰው ጭኖ ቁልቁለት የሚወርደው በላጉት ነው። ደህናዎቹ እኔን ተሸክመው ይተኛሉ። እኔም ይገርመኛል።

ታዲያ ወሬ ተሰማ። መጀመሪያ አንዱ ሹፌር መጣ፣ "ለአንድ ቀን ብቻ፣ በልጆችህ።" አባዬ ሰጠው። ከዚያ ሌላው። ምርመራ ሰሞን እኔና አባዬ ከምርመራው ግቢ ጀርባ፣ ከግንቡ ጥግ እንቆማለን። ባጃጁ ይመጣል፣ እኔ አነሳለሁ፣ አባዬ ይፈታል፣ ሙሽሮቹ ከነቸርኬያቸው ይገባሉ። ባጃጁ ቦሎውን ለጥፎ ሲወጣ ሙሽሮቹን አውልቀን የራሱን የላገ እንመልስለታለን። ሙሽሮቹን አጥቤ ለሚቀጥለው አዘጋጃለሁ። እማዬ "የተውሶ ልብስ ለብሶ ለአንድ ቀን መሞሸር አይደል!" ብላ ሳቀች፣ ስሙም በዚያው ቀረ። በነጻ ነው እንግዲህ። አልጋዬ ሲንጋደድ ሙሽሮቹ ሥራ ላይ እንደሆኑ አውቃለሁ።

ዘንድሮ ሰባት ባጃጅ አለፈባቸው። የመጨረሻው ጋሽ ፍሬን ነው።

ጋሽ ፍሬን የአባዬ የልብ ጓደኛ ነው። ድሮ አንድ የኪራይ ባጃጅ፣ አንዱ ጠዋት አንዱ ከሰዓት እየነዱ ነው የጀመሩት። ፍሬን የተባለው ሁሉ ነገር ላይ "ፍሬን!" ስለሚል ነው፤ ሰው ሲያስቸኩለው "ፍሬን!"፣ እማዬ ምግብ ስትጨምርለት "ፍሬን! ፍሬን!" እጁን ዘርግቶ። እኔ ልጅ ሆኜ አንገቱ ላይ ነው የተሸከመኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምለው። አሁን አፌ እምቢ ስላለኝ ነው "እሱ" የምለው፣ ይቅርታ።

የምርመራው ማብቂያ ቀን ጠዋት እማዬ አባዬን በሩ ላይ ይዛው "ዛሬስ የራስህን አስቀድም!" አለችው።

"እሱን ላሳልፈውና እገባለሁ። የኔ የት ይሄዳል? ጎማው የኔ፣ ገጣሚዋ የኔ።"

"መርማሪው ከዛሬ ጀምሮ ተቀይሯል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"ቢቀየር ጎማ ጎማ ነው።"

ጋሽ ፍሬን ተሞሽሮ ገባ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቦሎውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ወጣ። ሌላ ጊዜ ሲወጣ ክላክስ እየነፋ፣ እየጨፈረ ነው፤ ያን ቀን ዝም ብሏል። ጎማ ስንፈታም አላገዘንም፣ "ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ" ብቻ። "ምነው ዛሬ ፍሬንዎ ተበጠሰ?" ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

የሱን የላጉ ለሱ፣ ሙሽሮቹን ለኛ ባጃጅ ገጠምን፣ የኛን የላጉ ግንቡ ጥግ ትተን ገባን። ክሪኩን ይዤ እኔም አብሬ ገባሁ።

አዲሷ መርማሪ መነጽር ያደረገች፣ ክፉ የማትመስል ሴት ናት። መብራቱን አየች፣ ፍሬኑን ረገጠች። ከዚያ የፊት ጎማው ጋ ቁጢጥ ብላ በጣቷ ጭቃውን ጠረገችና ላስቲኩ ጎን ላይ የታተመችውን ትንሽ ቁጥር ማንበብ ጀመረች። ስንት ዓመት ተኝቼባቸው እኔ ቁጥር እንዳላቸው አላውቅም ነበር! ደብተሯን ገለጠች፣ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ተመለሰች። የኋላዎቹንም አየች።

"አባት፣ እነዚህ ጎማዎች ጠዋት ገብተዋል" አለችው።

አባዬ ጎንበስ ብሎ የፊት ጎማውን አየ።

"ሦስቱም። በሌላ ሰው ባጃጅ ነው የተመዘገቡት፣ ያውም ቆሞ እያየኝ ነው የጻፍኩት። ባለቤቱ አለ?"

ከበሩ ውጪ የሹፌሮቹ ተራ መጠበቂያ ነው። ሰባቱም፣ ሙሽሮቹን የተሞሸሩት በሙሉ፣ እዚያ ነበሩ። ዘበኛው ጋሽ ፍሬንን ጠርቶ አመጣው።

"የርስዎ ናቸው?" አለችው።

እኔ፣ እናቴን፣ "የሱ ናቸው" ብሎ አባዬን የሚያሳይ መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ አባዬን አየው። ከዚያ ቦሎውን፣ በበሩ በኩል ይታያል፣ መስታወቱ ላይ አዲስ ሆኖ ያብለጨልጫል።

"አዎ፣ የኔ ናቸው" አለ። "እኔ ነኝ ያዋስኩት። ልጆች አሉት፣ አሳዘነኝ።"

አሳዘነኝ! አባዬን!

"ውሸቱን ነው!" ብዬ ጮህኩ። "የኛ ናቸው! አልጋዬ ስር ነው የኖሩት! እነዚያን ሁሉ ጠይቂያቸው፣ ሁሉም ተውሰዋቸዋል!" ወደ በሩ ጠቆምኩ። ሰባት ነበሩ ብያችኋለሁ፣ አንዱ አጠገባችን ቆሟል፣ የቀሩት ስድስቱ ስልካቸውን ያያሉ። አንደኛው ቻርጅ ጨርሶ ከጠዋት ጀምሮ የጠፋ ስልክ ነበር የሚያየው።

መርማሪዋ ወደ አባዬ ዞረች። "ልጅቷ የምትለው እውነት ነው? ይናገሩ። ተውሰው ያለፉ ካሉ የሁሉንም ቦሎ ነው የማነሳው።"

አባዬ በሩን አየ። ስድስቱን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ "ልጅ ናት፣ አታውቅም" አላት።

"አባዬ!"

"ተይ ልጄ።"

መርማሪዋ የአባዬ ወረቀት ላይ ቀዩን ማኅተም መታች። ስድስት ወር ከመስመር ውጪ፣ በሰው ጎማ ለማለፍ በመሞከር። ከዚያ ጎማው ለባለቤቱ ይመለስ አለች። ማን እንደሚፈታው ገምቱ።

ግንቡ ጥግ ተመለስን። ጋሽ ፍሬን ጎማ መቀየር አይችልም፣ ድሮም የሚቀይርለት አባዬ ነው። ሙሽሮቹን ከኛ ላይ ፈታሁ፣ የኛን የላጉ መልሼ ገጠምኩ። ከዚያ የሱን ባጃጅ አነሳሁ። እንባዬ ዳዶው ላይ ይንጠባጠባል፣ እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ጫማውን ያያል። የኋላ ግራ ጎማ አራተኛው ዳዶ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በጣቴ ብቻ አዞርኩት። ቁልፉን አላስገባሁበትም። ሌሎቹን ሦስቱንም ትንሽ ትንሽ አላላኋቸው። ቁልቁለቱን አሰብኩ፣ እሱን ቁልቁለቱ ላይ። እውነቴን ነው፣ አስቤያለሁ።

አባዬ መጣና ምንም ሳይለኝ ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። ቁጢጥ አለ። አራቱንም አንድ በአንድ እስኪንቋቋ ድረስ አጠበቃቸው። አላየኝም። ተነስቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና "ጨርሰናል" አለው ለጋሽ ፍሬን።

"ወንድሜ፣ ምን ላድርግ፣ ስትጽፍ አይቻለሁ ግን..." ብሎ ጀመረ።

"ሂድ" አለው አባዬ። "ተራህ ያልፍሃል።"

ሲሄድ የራሱን ሦስት የላጉ ጎማዎች ጥሎልን ሄደ። "ለስኮርታ ይሁኗችሁ" አለ፣ መለዋወጫ ማሰቡ ነው ለኛ! አሁን አልጋዬ ስር ያሉት እነሱ ናቸው። ያለቁ ስለሆኑ ቀጠን ይላሉ፣ ሌሊት ወደ ግድግዳው እንከባለላለሁ። እነሱም አፈር አፈር እንጂ ጎማ እንኳን አይሸቱም።

ባጃጃችን ግቢ ውስጥ በጡብ ላይ ቆሟል። አባዬ ሦስት ሳምንት ሥራ ፈለገ። በአራተኛው ጋሽ ፍሬን በሩ ላይ መጣ፣ አልገባም፣ እማዬም ግባ አላለችው። "እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምነዳው። ከዚያ በኋላ እሱ ይንዳት፣ እገዳው እስኪነሳለት ድረስ" አለ። አባዬ እሺ አለ። እሺ አለ!

"ጎማህን ወስዶ ሹፌሩ አደረገህ" አለችው እማዬ።

"ስለጎማ አታንሺብኝ። ብናገር ሰባት ቤት ነው የሚዘጋው።"

"አሁንስ የተዘጋው የማን ቤት ነው?"



እና አሁን በየቀኑ ማምሻውን ጋሽ ፍሬን ባጃጁን አቁሞ መክፈቻውን ለአባዬ ሰጥቶ በእግሩ ይሄዳል። አባዬ ግን ወዲያው አይነሳም። ኋላ ይዞርና የግራውን ጎማ በእግሩ ገፋ ገፋ ያደርገዋል። ከዚያ ይጠራኛል።

"ክሪኬ፣ ቁልፉን አምጪልኝ።"

"ትናንት አጥብቀኸዋል እኮ።"

"አውቃለሁ። አምጪ።"

አመጣለታለሁ። አራቱን ዳዶዎች አንድ በአንድ ያያቸዋል፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ። ጥብቅ ናቸው፣ ሁሌም ጥብቅ ናቸው። ቁልፉን ሲመልስልኝ አሁንም አያየኝም።