ዘመድ የሌለው ድሃ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት ድህነት በቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ልቦለዶች ውስጥ እንዴት እንደሚሣል ነው። መቶ አርባ ገጽ። ያኔ ድሃ አልነበርኩም፤ ለጥናቱ ገለልተኝነት ጥሩ ነበር።

የተግባር ትምህርቱን የወሰድኩት አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ፓብሎ፣ እማማ ኣክበረት ሳሎን ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ነው። እማማ ኣክበረት አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ኦክላንድ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት አልጋ አንጥፈው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የሳሎናቸውን ግማሽ ለእኔ አከራይተው በቀረው ግማሽ ቴሌቪዥን ያያሉ። እሳቸው ያያሉ፣ እኔ እሰማለሁ።

ቀን ቀን ሪችመንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ። ልጄ ሶልያና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ጋር ሳን ሆዜ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አገኛታለሁ እንጂ እኔ ጋ አታድርም። የፍርድ ቤት ጉዳያችንን ያየችው ዳኛ "ለልጅቷ በር ያለው መኝታ ክፍል ሲኖርህ" ብላለች። መጋረጃ በር እንዳልሆነም ጨምራ አስረድታኛለች። ስለዚህ ልጄን እንደ ተዋስኩት መጽሐፍ በሰዓቷ እመልስና አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻዬን እነዳለሁ። ወንበሯ ላይ የቺፕስ ፍርፋሪ ይቀራል። ቶሎ አልጠርገውም።

አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ኦክላንድ፣ አፕታውን ሰፈር ውስጥ ለተቸገሩ ወላጆች ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ይሰጣል ሲባል አፕላይ አደረግሁ። ከአራት ወር በኋላ ኢሜይል መጣ። ጉዳዬን የምታጣራ ኬዝ ወርከር ማክሰኞ ቤቴን ትጎበኛለች።

አንብቤ ሳቅሁ። ቤት ለቤት እየዞረች ድሃ የምትጎበኝ እመቤት! የጽሑፌ ምዕራፍ ሦስት እኮ ናት! በዚያ ዘመን ልቦለዶች ውስጥ ቅርጫት አንጠልጥላ፣ ቀሚሷን ከጭቃው ሰብስባ ትገባና ዙሪያውን ትቃኛለች። የምታገኘው ድሃ ሁለት ዓይነት ነው። የሚገባው ድሃ ልብሱ የተጣፈ ግን የታጠበ ነው፤ ቤቱ ባዶ፣ ወለሉ የተጠረገ፣ መስኮቱ ላይ አንዲት አበባ። አይለምንም፤ ትንሽ ያስላል። የማይገባው ድሃ ይጠጣል፣ በዚያ ላይ ያወራል።

እኔ የሚገባው ለመሆን ወሰንኩ። ሪሰርቹ ተሠርቶ አልቋል። አንዲት ቀይ አበባ ከነማሰሮዋ ገዝቼ መስኮቱ ላይ አኖርኩ። ሶሉ የተላቀቀ ጫማዬን እንዲታይ አድርጌ አስቀመጥኩ። ሳሉን እስከ ሰኞ ተለማመድኩ።

የተሳሳትኩት እማማን "ማክሰኞ እንግዳ ትመጣለች" ያልኳቸው ጊዜ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። መጋረጃዬ የለም። ፍራሼና የመጽሐፍ ካርቶኖቼ እማማ መኝታ ቤት ገብተዋል። ሶፋው ዳንቴል ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ዶሮ፣ ጥብስ፣ ሰላጣ፣ አፋቸው ወርቅ የተቀባ ብርጭቆዎች። አበባዬ ሽንት ቤት ናት።

"እማማ፣ ምን ነክቶዎት ነው?"

"እኔን ነው አንተን? እንግዳ ፍራሽ ላይ ልትቀበል ኖሯል? ሂድ ሸሚዝህን ቀይር!"

"መቸገሬን ልታይ እኮ ነው የምትመጣው!"

"እሱን በአፍህ ንገራት። ቤቴን ምን ላድርገው ነው የምትለው?"

ደወሉ ጮኸ። በሩ ላይ የቆመችው ቀሚስ ሰብሳቢ እመቤት ሳትሆን ላፕቶፕ የታቀፈች፣ ሃያ አምስት የማይሞላት የሐበሻ ልጅ ናት።

"ሃይ፣ አይም ዮዳሄ..."

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉ እማማ፣ ጉንጯን እያገላበጡ እየሳሙ።

"ኦ... ማይ ዳድ ኢዝ ተድላ። ሳን ሆዜ።"

"የታክሲው ተድላ! በይ ግቢ፣ ግቢ የኔ ቆንጆ።"

ልጅቷ አማርኛውን ትሰማለች፤ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ምግብ መቀበል ፖሊሲ እንደማይፈቅድላት ልትናገር አፏን ከፈተች።

"በሞቴ!" አሉ እማማ፤ ጉርሻው ፖሊሲውን ቀደመው።

ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ጎብኚዋን የሚያጎርስ ድሃ የለም። ዮዳሄ እያላመጠች ላፕቶፗን ከፈተች።

"ኦኬ። ጋሼ ሰርፀ፣ ዌር ዱ ዩ ስሊፕ?"

አፌን ሳልከፍት እማማ ገቡበት። "የት ይተኛል? እዚሁ ቤቱ ነዋ! ልጄ እኮ ነው። እኔ የወለድኩት የለኝ፣ እግዜር ከዚያ መጋዘን ላከልኝ። ምን ጎድሎበት!"

የዮዳሄ ጣቶች ቆሙ። "ሶ፣ ሺ ኢዝ ፋሚሊ?" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ለእኔ ብላ በተሰባበረ አማርኛ፦ "ፋሚሊ ከሆነ... ቤት አለህ ማለት ነው። ኬዙ ይዘጋል። ሶሪ።"

በእነዚያ ልቦለዶች ውስጥ ድሃ ዘመድ የለውም። አባት ሞቷል፣ እናት ሞታለች፣ አክስት ካለች ጨካኝ ናት። "ደራሲው አንባቢ እንዲያዝን ሲል ዘመድ ይጨርሳል" ብዬ ጽፌ አማካሪዬ "ድንቅ!" ብሎልኝ ነበር። አሁን ደራሲውን የቸገረው ገባኝ። እማማ ሰሃኔ ላይ ወጥ እየጨለፉ እያለ ማን ያዝንልኛል?

የሶልያናን ፍርፋሪ አሰብኩ።

ዘመዴ አይደሉም አልኩ። ተከራይ ነኝ። እዚህ አገር ማንም የለኝም። በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፤ በአማርኛ አፌ እሺ አላለኝም። ኦክላንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የሠራች ሴት እንግሊዝኛ እንደማትሰማ ሁሉ።

ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። ወጡ ወደ ድስቱ ተመለሰ። እማማ ተነሥተው መኝታ ቤት ገቡና ፍራሼን በሁለት እጃቸው እየጎተቱ ወጡ። ላግዛቸው ስል በክርናቸው ገፉኝ። ወለሉ ላይ ዘረጉት፣ መጋረጃውንም አምጥተው ላዩ ላይ ጣሉት።

"እዚህ ነው የሚተኛው" አሉ ለዮዳሄ። "እሱ እውነቱን ነው። ፎቶ አንሺ።"

ልጅቷ አነሣች። ስትወጣ እማማ ጥብሱን በፎይል ጠቅልለው "ለአባትሽ" ብለው አስያዟት።

በሦስተኛው ሳምንት ተፈቀደልኝ። ሶልያና ስትሰማ ስልኩ ውስጥ ጮኸች፤ ግድግዳው ምን ቀለም እንዲሆን ልትነግረኝ ጀምራ እናቷ ለእራት ጠራቻት። ለሌላ ለማን እንደምናገር ትንሽ ቆሜ አሰብኩና ወደ ኩሽና ሄድኩ። እማማ ብቻቸውን እየበሉ ነበር።

"ቤቱ ተፈቀደልኝ፣ እማማ።"

"እንኳን ደስ አለህ።"

አጥንቱን ወደ ሰሃኑ ጠርዝ ገፍተው መብላታቸውን ቀጠሉ። እኛ ዘንድ ማዕድ ላይ ያለ ሰው ለገባ ሁሉ "እንብላ" ይላል። ለፖስተኛ ይባላል፣ ለተጣሉት ይባላል። እማማ ቧንቧ ሊጠግን ለመጣው ሜክሲኮአዊ ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የማቀዝቀዣውን በር ከፍቼ፣ ምንም ሳላወጣ፣ ጥቂት ቆየሁ። ማንኪያቸው ሰሃኑን ሲነካ ይሰማኛል።

"በልቻለሁ" ብዬ ወጣሁ።