ሠላሳ ሦስት ዓመት በረዳትነት

ከለቅሶተኞች ሦስተኛው በአይብ የተጋገረ ድንች ሲመጣ ፍሪጁ አልዘጋ አለ። ሎርና በጉልበቷ ገፋ እያደረገች ስትታገለው የባሏ እህት ፓም ከኋላ መጥታ ትሪውን ተቀበለቻት።

«ተይው፣ በረንዳ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ውጪው ራሱ ፍሪጅ ነው።»

የካንሳስ ነፋስ በጥር ቀልድ አያውቅም። የሎርና ባል ግሌን ሃስኬት ከሞተ ሁለት ቀኑ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በሚያሰለጥንበት ኮሌጅ የቤዝቦል መለማመጃ አዳራሽ ለተጫዋቾቹ ኳስ ሲወረውር ቆየና «አንዴ ጠብቁኝ» ብሎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። በዚያው ቀረ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ሳሎኑ በቤተ ክርስቲያን ሰዎችና በኮሌጁ ሠራተኞች ተሞልቷል። ሎርና ስኒ ልታነሳ በኮሪደሩ ስታልፍ ሁለት ሴቶች ካፖርት እየሰቀሉ ሲንሾካሾኩ ሰማች።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ረዳት አሰልጣኝ። አንድ ቀን እንኳ ዋና ሳይሆን።»

«ዕድል አልነበረውም፣ ምስኪን።»

«ዕድል ብቻ ነው ብለሽ ነው? አንዳንዱ ሰው ወንበር ሲመጣለትም መቀመጥ አያውቅበትም።»

ሎርና አልተቀየመችም። እሷም ስንት ጊዜ በልቧ ብላዋለች፤ ልዩነቱ ከአፏ አለማውጣቷ ነው።

ሲጋቡ ግሌን ኔብራስካ ውስጥ ባለች ትንሽ ኮሌጅ ያለ ደመወዝ ነበር የሚሠራው። ጠዋት የተማሪ አውቶቡስ ይነዳል፣ ከሰዓት የቡድኑን ኳስ ወርዋሪዎች ያሰለጥናል፣ ቅዳሜና እሑድ የሰው ቤት ቀለም ይቀባል። «ሁለት ዓመት ታገሺኝ» አላት። በሁለት ዓመቱ በርግጥ ሚዙሪ ውስጥ ደመወዝ ያለው ቦታ አገኘ። ግን ዋናው አሰልጣኝ ተሸንፎ ተባረረ፤ ዋናው ሲባረር ደግሞ ረዳቶቹም አብረው ዕቃቸውን ይሸክፋሉ። ከዚያ አዮዋ። ከዚያ አርካንሶ። ስምንት ኮሌጅ፣ አሥራ አንድ የኪራይ ቤት። ልጅ አልወለዱም። ሎርና በገባችበት ከተማ ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ቤት ሥራ ማግኘት ለመደች። በሦስት ግቢ ውስጥ የኮክ ዛፍ ተክላለች፤ ከአንዱም ፍሬ አልበላችም።

አንድ ጊዜ ግን ተስፋ መጥቶ ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ኦክላሆማ ድንበር ላይ ያለ ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ፈለገ። ከሥራው ጋር ሰፊ ግቢ ያለው የጡብ ቤት ይሰጣል። ሎርና ሸሚዙን ተኩሳ ላከችው። አመሻሹ ላይ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመና «ሌላ ሰው መረጡ» አላት። «ጉዳቱ የእነሱ ነው» ብላ እንቁላል ጠበሰችለት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

ዓርብ ዕለት ሰዉ አስከሬኑን ለመሰናበት ወደ ቀብር አስፈጻሚው ቤት መጣ። ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስተር ፐርሰል ናቸው፤ በዚያን ጊዜ የኦክላሆማው ኮሌጅ የስፖርት ኃላፊ የነበሩት።

እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል፣ ልጄ። እሱን ባገኝ ኖሮ ያ ቡድን ሌላ ይሆን ነበር።»

«ሌላ ሰው መረጣችሁ እኮ» አለች ሎርና፣ በትሕትና።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። «አልነገረሽም ማለት ነው» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሥራውን ሰጥቼው ነበር። ሊፈርም እስክሪብቶ ይዞ ነበር። "ስንት ልጅ ነው የማሰናብተው?" አለኝ። ዘጠኝ አልኩት፤ ቡድኑ ከልክ በላይ ሞልቶ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እኔ ልጅን መወርወር ማስተማር እችላለሁ። ሻንጣህን ይዘህ ሂድ ማለት ግን አልችልም" አለኝ። ዋና አሰልጣኝ ሁሉ የሚያደርገው ነው ስለው፣ "ረዳት የሆንኩት ለዚሁ ነው" አለኝ።»

ሎርና አመስግና እጃቸውን ለቀቀች። ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ሞተሩንም አላስነሳችም።

አሥራ አንድ ዓመት። ቢነግራት ትጣላው ነበር። ምናልባትም ታሸንፈው ነበር። ያልነገራትም ለዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የተኙበት ቤት ሁሉ፣ የጠቀለለችው ሰሃን ሁሉ እየመጣ ፊቷ ተደረደረ። በሳጥን ውስጥ ያለን ሰው እንዴት አድርገው ይጣሉታል?

ሳታስበው አዮዋ ትዝ አላት። ዋናው አሰልጣኝ ሆስፒታል ተኝቶ አንድ ልጅ የማሰናበቱ ዕዳ ግሌን ላይ ወደቀ። አውቶቡስ ላይ ሊያሳፍረው አልሆነለትም፤ ራሱ አራት ሰዓት ነድቶ ከአባቱ እርሻ አደረሰው። ሲመለስ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ምግቡን አልነካም። «አባቱ አመሰገነኝ» አላት። ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ እሷም ድካም መስሏት አልፋው ነበር።

መስኮቱ ተንኳኳ። ትሬንት ኦክሊ ነው፣ የአሁኑ ዋና አሰልጣኝ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አርካንሶ እያሉ የግሌን ወርዋሪ ነበር፣ ኋላ አለቃው ሆነ።

«ወይዘሮ ሎርና፣ እዚህ ብርድ ይመታዎታል» ብሎ ከጎኗ ገባ።

«ትሬንት፣ ግሌን ዋና አሰልጣኝ ያልሆነው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። እኔ ልጅ በማሰናብትበት ቀን እሱ ቢሮ ውስጥ አይቀመጥም። ስልኩን ይዞ ይወጣል። ሲመለስ ለልጁ ሌላ ኮሌጅ አግኝቶለት ነው።»

«ለስንቱ?»

«ለሁሉም።» ትሬንት መሪውን እንጂ እሷን አላየም። «ማክሰኞ ጠዋት ተጣልተን ነበር፣ በዴሪያን ምክንያት። ያ በግራ እጁ የሚወረውረው ልጅ። ላሰናብተው ወስኜ ነበር፤ "አንድ ወር ጨምርለት" አለኝ። "ደግ ደጉን ለአንተ፣ ክፉ ክፉውን ለእኔ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው" አልኩት። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።» አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

ሎርና ትከሻውን ያዘች። «ውሸት አላልክም እኮ። ደግነቱ እኛን ነው ያስከፈለን። አንተን በቢሮው፣ እኔን በዕቃ ማሸጊያው ካርቶን።»

ትሬንት እያለቀሰ ሳቅ አመለጠው። እሷም ሳቀች፤ ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መቃብር ቦታው ላይ መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። የቡድኑ ልጆች በተዋሱት ክራባት ቆመዋል። ሳጥኑን የሚሸከሙት ስድስት ናቸው፦ በስተግራ ትሬንትና የግሌን ሁለት ወንድሞች፣ በስተቀኝ ሦስት ወርዋሪዎች። ከሦስቱ መጨረሻ የቆመው ዴሪያን ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ረጅም፣ ዓይኑ ያበጠ። ምን እንደተወሰነበት ገና አልሰማም። እንደ ጓደኞቹ በግራ እጁ እጀታውን ጨብጧል።

የቀብር አስፈጻሚው «አንድ፣ ሁለት» ማለት ሲጀምር ሎርና «ቆዩ» አለች።

ሰዉ ሁሉ ዞር አለ። ፓም ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ሎርና ግን በደረቀው ሣር ላይ ቀጥ ብላ ሄዳ የዴሪያንን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጀታው ላይ አላቀቀች።

«በዚህኛው አይደለም፣ ልጄ» አለችው። «ይሄ ክንድ ለፊታችን ዓርብ ጨዋታ ይፈለጋል።»

ዴሪያን ግራ ገብቶት ትሬንትን አየው። ሎርናም አየችው። ትሬንት አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሳጥኑን ዞሮ መጣና የልጁን ቦታ ያዘ።

ሎርና ዴሪያንን በእጅጌው ይዛ ወደ ማዶ፣ ትሬንት ወደለቀቀው ቦታ ወሰደችው። ቀኝ እጁን እጀታው ላይ አኖረች፤ በራሷ መዳፍ ሸፍና፣ ጥብቅ እስኪል ያዘችው።