የፎቶ ቤቱ መጋረጃ

በዚያ ፎቶ ቤት መጋረጃ ተከፍቶ ማየት በበጋ ጭቃ የማየት ያህል ብርቅ ነበር። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው። በስተኋላ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አለ፤ በስተፊት ደግሞ ፏፏቴና ዘንባባ፣ እንዲሁም በአንድ ግንድ ላይ ሦስት ዓይነት አበባ የሚፈካበት ገነት የተሳለበት ትልቅ ሸራ ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቅሏል። ፀሐይ ወረቀት ታበላሻለች፣ ሸራም ታደበዝዛለች። ስለዚህ በዚያ ቤት ፀሐይ እንደ ሌባ እንጂ እንደ እንግዳ ታይታ አታውቅም።

የቤቱ ባለቤት ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶዎቹን የምታሳምረውና ፍሬም ውስጥ የምታስገባው እህቱ ናት። ሦስተኛዋ የፎቶ አንሺው አንድ ልጅ ስትሆን፣ ስለ ዕፅዋት ተምራ ከክፍሏ አንደኛ ሆና ከተመረቀች ወዲህ አክስቷ «ቡቃያ» የሚል ስም አውጥታላታለች። ስሙ የወጣው ለፌዝ ነበር፤ ቡቃያ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው።

ነገሩ የተጀመረው ቡቃያ ሸራው ወርዶ በቦታው ሕይወት ያለው የአትክልት ስፍራ ይተከል ብላ አፏን ሞልታ የተናገረች ቀን ነው።

«ደንበኛው ሁሉ ወደ አዳዲሶቹ ፎቶ ቤቶች እየሄደ ነው፤» አለች። «ፏፏቴ የተሳለበት ሸራ ማንን ይማርካል? እውነተኛ ቅጠል ይሁን፣ አባዬ።»

«የኔ ዘንባባ ውሃ አይጠጣ፣ አይደርቅ፣ አያኮርፍ፤» አለ አባቷ ሌንሱን እየወለወለ። «ያንቺዎቹ ግን እዚህ ቤት አንድ ወር አይቆዩም።»

«የሚያስፈልጋቸው ከተሟላላቸው ይቆያሉ።»

አባቷ ሌንሱን አስቀመጠና አሰበ። በወሩ መጨረሻ ገደማ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ሊመጡ ቀጠሮ ይዘው ነበር። በሠርጋቸው ቀን የተነሡት በዚያው ሸራ ፊት ሲሆን፣ አሁን ደግሞ የትዳራቸውን ወርቅ ኢዮቤልዩ ምክንያት በማድረግ እንደገና ሊነሡ ይፈልጋሉ።

«እንግዲያው እንዲህ ይሁን፤» አለ። «እነሱ የሚመጡ ዕለት አትክልትሽ ለምልሞ ከቆመና እኔ ራሴ ከሸራዬ አስበልጬ ካነሣሁት፣ ሸራው ይወርዳል፤ አዳራሹንም እንደ ልብሽ አድርጊው። ካልሆነ ሣጥንሽን ታወጫለሽ፣ አክስትሽ ያገኘችልሽንም የመዝገብ ቤት ሥራ ትቀበያለሽ።»

ቡቃያ የመዝገብ ቤት ሥራ ከመግባት አቧራ መብላት ትመርጥ ነበር። ያም ሆኖ ተስማማች።

ከዚያ በኋላ ያሳየችው ትጋት ለጉድ ነበር። በሸራው ግርጌ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ረጅም የእንጨት ሣጥን አሠራች፤ ውሃ እንዳይተኛበትም ታችኛውን ሳንቃ በሳችው። አፈሩን ከአሸዋና ከብስባሽ ጋር አዋሕዳ ሞላችበት። በውስጡም የሎሚ ችግኝ፣ ጽጌረዳና ሐረግ ተከለች።

«ሣጥን አሠርተሽ መልሰሽ ትበሺዋለሽ?» አለች አክስቷ ፍሬም እየቆረጠች።

«ሥርም ይተነፍሳል፣ አክስቴ። ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ ሥር አየር አጥቶ ይታፈናል።»

«እንግዲህ የሥሩን ሳንባ የምትለኪበት መሣሪያም ግዢና እረፊው።»

ቡቃያ ፌዙን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ውሃ የምታጠጣው ጣቷን አፈሩ ውስጥ ነክራ ድርቀቱን ካረጋገጠች በኋላ ብቻ ነው። ከበሩ የሚገባው ብርድ ሎሚውን እንዳይመታው በበሩ ሥር ጨርቅ ጠቀጠቀች። ከሁሉም በላይ ደግሞ በየማለዳው ያንን ድርብ ጥቁር መጋረጃ ግራና ቀኝ ገልጣ ብርሃን ታስገባ ጀመር።

ይሁን እንጂ አትክልቱ ከቀን ወደ ቀን ከሳ። የሎሚው ቅጠል ገረጣ። ሐረጉ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ፣ በሕዝብ መሀል ሆኖ ልጁን እንደሚፈልግ ሰው አንገቱን ብቻ አስረዘመ። ጽጌረዳው እንቡጡን ሳይከፍት ጣለው። ቡቃያ አፈሩን መረመረች፤ ደህና ነው። ውሃውም፣ ሙቀቱም ደህና ነው። አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፤ እርሷም በየማለዳው የምታስገባው ብርሃን ናት።

አንድ ቀን ደንበኛ ሸኝታ ስትመለስ ምሥጢሩ ተገለጠላት። ጠዋት የከፈተችው መጋረጃ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ከፈተችው። ምሳ በልታ ስትመለስ አሁንም ተዘግቷል።

ጥርጣሬዋ በቀጥታ አባቷ ላይ አረፈ። ከሸራው መኖር የሚጠቀም ሌላ ማን አለ?

«አባዬ፣ ውርርዱን በቅንነት የገባህ መስሎኝ ነበር፤» አለችው ድምጿን ለማለዘብ እየታገለች።

«ምን አደረግሁ?»

«መጋረጃውን ማን ይዘጋዋል?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ፏፏቴው ወርዶ ነው የሚዘጋው?»

አባቷ አልተቆጣም። ከመደርደሪያው ላይ በየተወሰነ ጊዜ በራሱ ፎቶ የሚያነሣውን አሮጌ ካሜራ አወረደና ወደ መስኮቱ አነጣጥሮ ጥግ ላይ አቆመው። «እኔ ልዋሽ እችላለሁ፤» አለ። «እሱ ግን እስከ ዛሬ ዋሽቶኝ አያውቅም። ነገ ይዋል፤ ከዚያ አብረን እናጥባለን።»

በማግስቱ አመሻሹ ላይ ሦስቱም ጨለማ ክፍሉ ውስጥ በቀይ መብራት ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆሙ። አባቷ የመጀመሪያውን ወረቀት ፎቶ ማጠቢያው ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ሳህኑን በዝግታ ያወዛውዝ ጀመር። ከነጭ ወረቀት ላይ በመጀመሪያ መስኮቱ፣ ቀጥሎም መጋረጃውን የጨበጠ እጅ እንደ ጉም እየጠራ ወጣ። እጁ ወደ ትከሻ፣ ትከሻውም ወደ ፊት አደገ።

ፊቱ የአባቷ ነበር።

«ይኸው፤» አለች ቡቃያ። «እጅ ከፍንጅ።»

«ቆይ እስቲ፤» አለች አክስቷ፣ ዕድሜዋን በሙሉ ፎቶ ስትመረምር የኖረችው ሴት። «ሲዘጋ ነው ወይስ ሲከፍት? ከፎቶው ይኼ አይታወቅም።»

አባቷ ተከታዩን ወረቀት ነከረ። ፎቶው ሲወጣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ብርሃኑም ሣጥኑ ድረስ ደርሷል።

«ሎሚዋ አሳዘነችኝ፤» አለ አባቷ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ። «በጨለማ አሸንፌ ምን ሊረባኝ?»

ሦስተኛው ወረቀት ተነከረ። በዚህኛው በአንድ እጇ የሻይ ብርጭቆ ይዛ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ በሌላው እጇ መጋረጃውን የምትስብ ወጣት ታየች። በአራተኛውም ያችው ወጣት ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ትዘጋለች። በቀጣዩ አክስቷ ክንዷ ሙሉ ፍሬም ተሸክማ በክርኗ ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ እንደገና ቡቃያ።

ቡቃያ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ደግማ አየቻቸው።

«እኔ ነኝ፤» አለች ቡቃያ በመጨረሻ። «እየዘጋሁ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

«ከየት ታውቂዋለሽ?» አለ አባቷ። «መራመድ እንደጀመርሽ ያስተማርኩሽ የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። ‹ስታልፊ ዝጊ› እያልኩ።»

«ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም፤» አለች አክስቷ፤ ከዚያ የራሷን ክርን ፎቶው ላይ አይታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሳቁ ወደ አባትየው፣ ከእሱም ወደ ቡቃያ ተሻገረ። ይቅርታ የጠየቀችውም እየሳቀች ነው። አባቷ ራሷን ዳበስ አደረጋት፤ እጁ የማጠቢያ ፈሳሽ ይሸት ነበር።

በማግስቱ ቡቃያ መጋረጃውን ከነዘንጉ አወረደችና ጨለማ ክፍሉ በር ላይ ሰቀለችው። ከልማድ ጋር ከመታገል ልማዱ የሚይዘውን ማሳጣት ይሻላል ብላ ነው። እውነትም ለብዙ ቀናት ሦስቱም በመስኮቱ ባለፉ ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው አየር ሲጨብጡ ይታዩ ነበር።

አትክልቱ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። ሎሚው አንጸባራቂ ለጋ ቅጠል አወጣ፤ ሐረጉ ቁመት መጨመሩን ትቶ ሰውነት አበጀ፤ ጽጌረዳውም አንድ እንቡጥ ቋጠረ። ባልና ሚስቱ የመጡ ዕለት ቡቃያ ገና ከማለዳው ቅጠሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ ነበር።

አዛውንቶቹ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጡ። ፎቶ አንሺው ካሜራው ላይ ጎንበስ አለ፤ አየና ቀና አለ፤ እንደገና ጎንበስ አለ።

«ምነው?» አለች ቡቃያ።

«አትክልቶችሽ ጎናቸውን ሰጥተውኛል።»

እውነቱን ነው። ብርሃን የናፈቀው አትክልት ሁሉ አንድ ሳይቀር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ካሜራውን እንደ ተቀየመ ሰው ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ሣጥኑ ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ የተገጠመ፣ አፈር የሞላው ከባድ ነገር ነው፤ አይዞርም። ቡቃያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ፎቶ አላስፈለጋትም። ሣጥን ከማሠራት ይልቅ በሚዞሩ ማሰሮዎች ብትተክል ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር። የመዝገብ ቤቱ አቧራ ከወዲሁ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ።

«ልጄ፤» አሉ ሽማግሌው ፎቶ አንሺውን፣ «እነሱ ብርሃኑ ያለበትን ያያሉ። አንተ ወዴት ነው የምታየው?»

«ተው እንጂ አንተ፣ ሰውዬው ሥራውን ይሥራበት፤» አሉ ባለቤታቸው።

ፎቶ አንሺው መስኮቱን አየ፤ ከዚያም ከካሜራው ማቆሚያ ሥር ያለውን ወለል። ሦስቱ እግሮች ከልጅቷ መወለድ በፊት ጀምሮ ከዚያ ቦታ ንቅንቅ ብለው አያውቁምና በእንጨቱ ላይ ሦስት ጉድጓድ ሠርተዋል።

ማቆሚያውን ብድግ አደረገው።

«እኔማ ሥር የሰደደ መስሎኝ ነበር፤» አለች አክስት በሹክሹክታ።

ካሜራውን ተሸክሞ መስኮቱ ጋ ሄደና ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ተከለው። አዛውንቶቹ ወንበራቸውን ወደ እሱ አዞሩ። የመስኮቱ ብርሃን በፊታቸው መስመሮች ላይ ለስለስ ብሎ ፈሰሰ፤ ሎሚውም ሐረጉም ፊት ለፊት ያዩት ጀመር። እጁን ዘርግቶ የፎቶ ቤቱን ትልልቅ መብራቶች አንድ በአንድ አጠፋቸው።

«ፏፏቴው ይገባል?» አሉ ሴትዮዋ።

«የለም እማማ፤ ከዚህ አይታይም፤» አለ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሣ። ፎቶውን አነሣና ቃሉን ጨመረበት። «ቡቃያ፣ መሰላሉን አምጪና ከአክስትሽ ጋር ሸራውን አውርዱት። እንዳትቀድዱት፤ የኔ ጓደኛ ነው።»

ቡቃያ መሰላሉን ለማምጣት እየሮጠች በመስኮቱ አጠገብ ስታልፍ፣ እጇ ከልማዱ የተነሣ ወደ ጎን ተዘረጋ። ምንም አላገኘም።